ከነጠፍሯ የተዋስኳት ሰንጢ

በመስቀል ማግስት መካነ ኢየሱስ ላይ፣ ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደኝን የጭነት መኪና ከዓረቡ ሱቅ ጥግ ቆሜ ስጠብቅ አንድ ሽታ አፍንጫዬን ያዘው። ሰው በተሰበሰበበት መቼም ሽታ አይጠፋም፤ ናፍጣው አለ፣ የራሰው ጋቢ አለ፣ የሚጠበሰው እሸት አለ። ይኼኛው ግን ከሁሉም ተለየብኝ፤ ቅቤ የጠገበ የቆዳ ጠፍር ሽታ ነበር። ዘወር ብዬ ሳላይ ማን እንደ ቆመ አወቅሁ። ጠፍሩን እንደ ሙሽራ ጠጉር በቅቤ የሚያሽ ሰው በእስቴ ምድር አንድ ብቻ ነው፤ እሳቸውም የእናቴ ወንድም አያ ዓለሙ ናቸው። ጠፍሩ ከመታጠቂያቸው ላይ ተነሥቶ፣ ጭናቸውን ታኮ ወርዶ፣ ተመልሶ ኪሳቸው ውስጥ ይገባል። ኪሳቸው ውስጥ ያለውን ደግሞ አገር ያውቀዋል፤ ሰንጢ ነው። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ቀና አደረጉኝና ከራስ ሻሼ እስከ ሸራ ጫማዬ ድረስ አዩኝ። "እንጉዳይ! አንቺ ነሽ ወይስ የደብረ ታቦር ወይዘሮ ናት?" አሉ። እኔ ግን ዓይኔ ጠፍሩ ላይ ነበር። ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ ጋር ያ ዘመን ሁሉ ተግተልትሎ መጣ።

የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ "ትዝታ አለኝ" ስትል ሰው ይስቃል። ይሳቅ! ትዝታ በሽበት የሚለካ ቢሆን ኖሮ ሽበት ያለበሳት የደብራችን ወይራ ከሁላችን በላይ ታወራ ነበር። ደግሞስ ዱሮ ማለት ምንድን ነው? የማይመለስ ነገር አይደለም ወይ? እኔ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ እርሳስ በአሥር ሳንቲም ይገዛ ነበር፤ ዛሬ ዓረቡ አሥራ አምስት ይላል፣ ያውም ፊቱን አዙሮ። ሸራ ጫማ የመምህራችን ሚስት ብቻ ነበራት፤ እኛ ልጃገረዶች የአቡጀዲ ቀሚሳችንን በመቀነት ሸብ አድርገን ጫማዋን ለማየት ከኋላዋ እንሄድ ነበር። መካነ ኢየሱስ በመጣን ቁጥር ደግሞ ይኸው ሱቅ ጥግ ቆመን ራዲዮ እንሰማለን። ዓረቡ ብልህ ነው፤ ለሚገዛ ሰው ዘፈኑን ከፍ ያደርግለታል፣ ቆሞ ለሚሰማ ዝቅ ያደርግበታል። እኛም አንዲት የክር ጥቅል እያገላበጥን፣ "ይኼ ቀይ ነው ወይስ ቀይ ዳማ?" እያልን፣ አንዱን ዘፈን ከነማሲንቆው እስከ መጨረሻ እናደምጥ ነበር። ክሩን ገዝተን አናውቅም። ያ ክር እስካሁን መደርደሪያው ላይ አለ፤ ዛሬም አየሁት፣ ነጣ ብሏል።

ሰንጢዋን አያ ዓለሙ የገዟት ወታደር ቤት ሳሉ ከአሥመራ ገበያ ነው። እጀታዋ ጥቁር ቀንድ፣ ጫፍና ጫፏ ነሐስ። ስትከፈት "ቀጭ!" ትላለች፤ ስትዘጋ "ጠቅ!"። ሁለት ስለት አላት፤ ትልቁ ለሥጋ፣ ትንሹ እሾህ ለማውጣት። ሦስተኛ ደግሞ ቆልመም ያለ፣ ስለትም ጥርስም የሌለው ነገር ከጎኗ ይወጣል። የዚያን ሥራ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አያ ዓለሙ ግን ሲጠየቁ ሳያመነቱ "የበቅሎ ኮቴ ማጽጃ ናት" ይሉ ነበር። በቅሎ አልነበራቸውም። ደብረ ታቦር ከገባሁ በኋላ አንድ ቀን በአንድ መጠጥ ቤት በር ሳልፍ፣ አሳላፊው እንዲያ ባለ ነገር የቢራ ጠርሙስ ሲከፍት አየሁና ክው ብዬ ቀረሁ። እስከ ዛሬ ለአያ ዓለሙ አልነገርኳቸውም። የበቅሎ ኮቴ ማጽጃ ሆና ብትኖር ለክብሯ ይሻላል።

አንድ ጊዜ፣ እኔ ሳልወለድ፣ አውሰዋት ነበር ይባላል። የፋሲካ ቅርጫ ሥጋ ሊካፈሉ አንድ ጎረቤት ተዋሳትና፣ ሥጋው ሲያልቅ በጫፏ የሳጥን ቁልፍ ፈለቀቀባት። የጤፍ ፍሬ የምታህል ቁራጭ ከአፏ ጎደለች። አገር ሁሉ ሲገድፍ አያ ዓለሙ ያን ፋሲካ እህል ሳይቀምሱ ዋሉ። ከዚያ ወዲያ የበሬ ቆዳ ፍቀው ጠፍር አወጡ፤ አንዱን ጫፍ ከሰንጢዋ ቀለበት፣ አንዱን ከገዛ መታጠቂያቸው አስረው አንድ ቃል ተናገሩ። ቃሉ በኛ ቀበሌ እንደ ሕግ ሆኖ ቀረ፤ "ሰንጢዬን አላውስም። የፈለጋት ራሴን ይዋሰኝ።"

እናም አገሩ አያ ዓለሙን መዋስ ጀመረ። ሠርግ ያለበት፣ ቅርጫ ያለበት፣ እሾህ የወጋው ሁሉ ወደ ሚስታቸው ወደ እቴ ብርቄ ይሄዳል። "እቴ ብርቄ፣ አያ ዓለሙን ለአንድ አፍታ አውሺን" ይላል። እቴ ብርቄም "ውሰዷቸው፤ ግን በሬ ሳይፈታ እንዳይመሽብኝ መልሱልኝ" ትላለች። የጠፍሩ ርዝመት ክንድ ከስንዝር ነው። ስለዚህ ሥጋ ቆራጩ ሲጎነበስ አያ ዓለሙም ይጎነበሳሉ፤ ቆራጩ ወደ ቀኝ ሲዞር እሳቸውም ወደ ቀኝ ይዞራሉ፤ ሁለቱ ሲታዩ እስክስታ የሚወርዱ ይመስላሉ። በጾም ወራት ደግሞ ሌላ ምክንያት አላቸው፤ "ሰንጢዋ ጾመኛ ናት፤ በሰው እጅ ምን እንደሚነካት አላውቅም" ይላሉ። አንድ ሠርግ ላይ እኛ ልጃገረዶች ከበሮ ይዘን እንዲህ አልንባቸው፦

ከብት ይታሰር ነበር ዱሮ በጠፍር፣
ሰው ታስሮ አየሁኝ በሰንጢ ፍቅር።

ይቆጣሉ ስንል ጭራሽ ራሳቸው ተቀባይ ሆነው "በሰንጢ ፍቅር!" እያሉ አጨበጨቡ። ግጥሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ለማንም ሳልናገር ቆይቼ ይኸው ዛሬ ጻፍኩት።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ። የኛ ቀበሌ ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል ላይ ያበቃል። ሰባተኛ መማር የሚፈልግ በሰኔ የግማሽ ቀን መንገድ ሄዶ መካነ ኢየሱስ ይፈተናል። አባቴ ሞተዋል። እናቴ ደግሞ ነገሩን በአጭሩ ቆርጣዋለች፦ "ካለፍሽ ደብረ ታቦር ከአክስትሽ ቤት ሆነሽ ትማሪያለሽ፤ ካላለፍሽ ግን ቤት ትገቢያለሽ፤ ሁለት ጊዜ የምልክበት አቅም የለኝም።" ከክፍላችን ሴት እኔ ብቻ ነበርሁ። ያን ሰሞን እጄ ለጽሕፈት ተፍታቶ፣ ብዕር በያዝኩ ቁጥር ልቤ ድንክ ድንክ ይል ጀምሮ ነበር። ሰው ደብዳቤ ሲያጽፈኝ ካለኝ በላይ እጨምርለታለሁ፤ "ሰላም በሉልኝ" ሲለኝ "እንደ ምድር አሸዋ፣ እንደ ሰማይ ኮከብ" ብዬ እጽፍለታለሁ። ሲነበብለት ያለቅሳል።

ፈተናው አንድ ሳምንት ሲቀረው እርሳሴን በግማሽ ምላጭ ስቀርጽ ምላጩ ተሰበረና ጣቴን በላው፤ ያውም የቀኝ እጄን ሌባ ጣት። እናቴ ደሙን ስታይ የተረፈውን ምላጭ ለቅማ ገደል ጨመረችውና "በቤቴ ምላጭ አይገባም!" ብላ ማለች። እናቴ ከማለች ማለች ነው። በማግስቱ ደግሞ መምህራችን አሰልፎን እንዲህ አለ፦ "እያንዳንዱ ሁለት እርሳስና መቅረጫውን ይዞ ይምጣ። ፈተና ቤት መዋስ ክልክል ነው። የተዋሰም ያዋሰም እንደ ኮራጅ ተቆጥሮ ወረቀቱን ይቀማል።" እኔ እርሳስ አለኝ፤ መቅረጫ የለኝም። ከሰልፉ እንደ ተፈታሁ ወደ አያ ዓለሙ ማሳ ሮጥሁ።

እርሻ ላይ ነበሩ። ትንፋሼ ሳይመለስ "አያ ዓለሙ፣ ሰንጢዎን ያውሱኝ" አልኩ።

እርፉን ሳይለቁ "ማንን?" አሉ።

"ሰንጢዎን።"

"ሰንጢዋ ብቻዋን የትም ሄዳ አታውቅም፤ መንገዱም ይጠፋታል" አሉ። "ለምንሽ ነው?"

ነገርኳቸው። በሬዎቹን አቁመው በጨርቅ የተጠመጠመ ጣቴን አገላብጠው አዩ። ፊታቸው በራ። "ይኼማ ምን ችግር አለው! አብሬሽ እሄዳለሁ። ከጎንሽ ቁጭ እላለሁ፤ እርሳስሽ ሲደንዝ እቀርጽልሻለሁ" አሉ። የምራቸውን ነበር። በሬዎቹን እንደ ተጠመዱ ትተው ከኔ ጋር መምህራችን ቤት ሄዱ።

"መምህር፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም" አሉ ገና ከመግባታቸው። "ከጎኗ ብቀመጥ ምን ልነግራት እችላለሁ?"

"አቶ ዓለሙ፣ ፈተና ቤት የሚገባው ተፈታኝ ብቻ ነው" አለ መምህሩ ሳቁን እየዋጠ።

"እንግዲያው እኔንም መዝግበኝ፤ እፈተናለሁ።"

"መጀመሪያ ስድስት ዓመት ይማሩና!"

"በስድስት ዓመትማ ሰንጢዋ ትዝጋለች" አሉና ወጡ። ደጅ ላይ ወደኔ ዞረው "ልጄ፣ የምችለውን አድርጌያለሁ። እኔን ካልተቀበሉ ግን እሷም አትሄድም" አሉኝ። ጭካኔ አልነበረም፤ እንዲያውም ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ግን የጤፍ ፍሬ የምታህለው ቁራጭ ከሆዳቸው አልወጣችም።

እኔ አላለቀስኩም። ቤቴ ገብቼ ከደብተሬ ላይ አንድ ቅጠል ገነጠልሁና ጻፍሁ። ሰው መሬት ሲካፈል፣ በሬ ሲጋራ ውል ሲነበብ ሰምቼ አውቃለሁ፤ የሰንጢ ውል ግን ከኔ በፊት የጻፈ ያለ አይመስለኝም።

እሑድ ሰንበቴ ነበር። ቅዳሴ ወጥቶ ሽማግሎቹ ከደጀ ሰላሙ ሥር ዳቦና ጠላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ሴቶቹ በግራ፣ የሁላችን የነፍስ አባት መምሬ ፈንታ በመካከል። ወረቀቴን ይዤ ተነሣሁ። እንዲህ ብዬ አነበብሁ፦

"እኔ ወለተ ኢየሱስ፣ የዓለም ስሜ እንጉዳይ፣ ከእናቴ ወንድም ከአቶ ዓለሙ አንዲት ባለ ሁለት ስለት ሰንጢ ከነጠፍሯ ተውሻለሁ። በእሷ ከእርሳስ በቀር ሥጋ፣ ሽንኩርት፣ ገመድ አልቆርጥባትም። ቁልፍ አልፈለቅቅባትም። ለሌላ ሰው አሳልፌ አላውሳትም። በፈተናው ማግስት ፀሐይ ሳትጠልቅ አስረክባለሁ። ብትጠፋ፣ ብትጎድል ወይም ከተባለው ሰዓት ብታልፍ፣ ፈተናውን ባልፍ እንኳ ትምህርቴን ትቼ በአቶ ዓለሙ ቤት እድሜ ልኬን ውኃ ልቀዳ ፈቅጃለሁ።"

እናቴ ከሴቶቹ መካከል "ምነው አፌን በቆረጠው!" አለች፤ ያነበብሁት እኔ፣ የደነገጠችው እሷ። አንዱ ሽማግሌ "ይህች ልጅ ሰንጢ ነው የምትዋሰው ወይስ ጋሻ መሬት?" አለና ሰው ሁሉ ሳቀ። አያ ዓለሙ ብቻ አልሳቁም።

"እስቲ ስሜ ያለበትን ድገሚው" አሉ።

"ከእናቴ ወንድም ከአቶ ዓለሙ።"

"'አቶ' ይላል?"

"ይላል።"

"ወረቀቱ ላይ? ከነአቶው?"

"ከነአቶው።"

ወረቀቱን ተቀብለው ገልብጠው ያዙት፤ መምሬ ፈንታ አቀኑላቸው። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው "መልካም ነው። ግን ወረቀት ብቻውን ሰው አይዝም። ዋስ ጥሪ!" አሉ።

በኛ አገር ዋስ ያልጠራ ሰው እንኳን ሰንጢ ወንፊትም አይሰጠውም። ግን ዋስ የሚጠራ ወንድ ነው፣ ዋስ የሚሆንም ወንድ ነው፤ ሴት ልጅ "ዋሴ እገሌ" ስትል ተሰምቶ አያውቅም። እናቴ ብድግ ስትል አያ ዓለሙ "እህቴ፣ አንቺ ተቀመጪ። እናት ዋስ አትሆንም፤ እናት ራሷ ባለዕዳ ናት" አሏት። ወንዶቹን ተራ በተራ አየኋቸው። አንዱ ጠላውን አየ፤ አንዱ ሰማዩን አየ። ወረቀቴን ከአያ ዓለሙ እጅ ተቀብዬ ማጠፍ ጀመርሁ።

"ዋሷ እኔ ነኝ" የሚል ድምፅ ከሴቶቹ በኩል መጣ። እቴ ብርቄ ናት፣ የገዛ ሚስታቸው፤ ነጠላዋን አደግድጋ ቆማለች።

አያ ዓለሙ ወደ እሷ ዞሩ። "አንቺ የኔ ሚስት አይደለሽም ወይ?"

"እስካሁንማ ነኝ።"

"ሰንጢዋ ብትጠፋ ከማን ልጠይቅ ነው?"

"ከኔ። የኔ ሀብት ከእርስዎ ጎተራ ውስጥ ነው ያለው፤ ከዚያ ዝቀው ይውሰዱ።"

ደጀ ሰላሙ በሳቅ ተናጋ። መምሬ ፈንታ ጢማቸውን ይዘው እስኪበቃቸው ሳቁና "ዋስነቷ የጸና ነው። ምስክሩ እኔ ነኝ" ብለው ፈረዱ። አያ ዓለሙ አውራ ጣታቸውን በቀለሜ ነክረው አሳረፉ፤ እቴ ብርቄም አሳረፈች። የሁለቱ አሻራ ጎን ለጎን ዓይን መስሎ ቁልጭ ብሎ አየኝ። ከዚያ ጠፍሩን ከመታጠቂያቸው ሊፈቱ ቢሞክሩ የስንት ዓመት ቅቤና ላብ የጠጣ ቋጠሮ ጥርስም ጥፍርም አልደፍረው አለ። አንዱ "በሰንጢው ይቆረጥ" ሲል "ሰንጢዋ በገዛ ማሰሪያዋ ላይ ስለት አታነሣም!" ብለው ጮኹበት። ሰንበቴው ሊበተን ሲል ተፈታ። ከኔ መቀነት ላይ ሦስት ጊዜ ቋጥረው አሰሯት። ሲያበቁ ሰንጢዋን ሳይሆን ወገባቸውን ዳሰሱ፤ ቀሏቸዋል።

ፈተና ቤቱ ውስጥ ከግማሽ በላይ ጢም ያወጡ ወንዶች ነበሩ። ከጎኔ የተቀመጠው ጌታሁን የሚባል፣ ሚስትና ልጅ ያለው ሰው ነው፤ በር ላይ ስንጠብቅ ይህ ሦስተኛው ፈተናው እንደ ሆነ ነግሮኛል። ፈታኙ ከሌላ አገር የመጡ ባለ መነጽር ሰው ናቸው። ሒሳቡ ተጀመረ። እርሳሴ ሲደንዝ ሰንጢዋን አወጣለሁ፤ "ቀጭ!" ትላለች፤ ቤቱ ሁሉ ይዞራል። ትንሹ ስለት እርሳሱን እንደ ቅቤ ይልጠዋል። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

አጋማሽ ላይ "ቋ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የጌታሁን እርሳስ ከሥሩ ተሰበረ። ሁለተኛውን አነሣ፤ እሱም ውስጥ ውስጡን የደቀቀ ነው። ምላጩን ረስቶ መጥቷል። እንጨቱን በጥርሱ ይፍቅ ጀመር። ላቡ በጢሙ ላይ ይወርዳል። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ "እህት ዓለም... ሰንጢሽን" አለኝ።

እጄ ወደ ሰንጢዋ ሄደና ቆመ። ባውሰው የሁለታችንም ወረቀት ይቀማል። ባውሰው ውሌ ፈረሰ። ባላውሰው ደግሞ ይህ ሰው ሦስተኛ ጊዜ ባዶ እጁን ወደ ሚስቱ ይመለሳል። ያን ጊዜ ነው ከየት እንደ መጣ ሳላውቀው የአያ ዓለሙ ቃል በአፌ የመጣ። ተነሣሁና ቆምሁ።

"ጌታዬ!" አልኩ። "መዋስ ክልክል ነው ተብሏል። እኔም ሰንጢዬን ለሰው እንዳላውስ ውል አለብኝ። ነገር ግን እኔን ራሴን፣ ከነሰንጢዬ፣ ለዚህ ሰው ቢያውሱኝስ?"

ፈታኙ "ምን?" አሉ። ጠፍሩን ከመቀነቴ እስከ ሰንጢዋ ድረስ ዘርግቼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መለሱ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። "ሰው መዋስ ክልክል ነው የሚል መመሪያ አልደረሰኝም" አሉ። "ሂጂ። አንድ ቃል ብትተነፍሺ ግን ሁለታችሁንም አስወጣለሁ።"

ሄድሁ። የጌታሁንን እርሳስ ቀረጽሁለት፤ እሱ ወረቀቱን ሸፍኖ፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ማለት ይቻላል። ልመለስ ስል ከኋላ አንድ እጅ ወጣ፤ ከዚያ ሌላ። ፈታኙ በአገጫቸው ያመለክቱኛል፤ እኔም ልክ እንደ አያ ዓለሙ ከአንዱ ዴስክ ወደ አንዱ ዴስክ እየሄድሁ እጎነበሳለሁ። ስድስት ዴስክ አዳርሼ ስመለስ የሒሳቡ ሦስት ጥያቄ ይቀረኝ ነበር። እንዴት እንደ ሠራኋቸው አላስታውስም፤ "ሰዓት!" ሲባል እርሳሴ መጨረሻው ላይ እንደ ነበር ግን አስታውሳለሁ።

በማግስቱ ጧት መንገድ ጀመርሁ። ቀትር ላይ ዝናቡ ወረደ፤ እስኪያባራ ዛፍ ሥር ተጠልዬ ዘገየሁና ወንዛችን ደረስሁ ብል ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ግንድ እያንከባለለ ይሄዳል። ፀሐይዋ ከደመናው ሥር ወጥታ ወደ ጋራው አዘንብላለች። ከወዲያ ማዶ ሰው አየሁ፤ አያ ዓለሙና እቴ ብርቄ ናቸው። ከመቼ ጀምሮ እንደ ቆሙ እንጃ።

"ሰንጢዋ ደኅና ናት?" ብለው ጮኹ።

"ደኅና ናት!"

"አንቺስ?"

"እኔም ደኅና ነኝ!"

ልሻገር እግሬን ሳነሣ እቴ ብርቄ እሪ አለች። ወንዙን አየሁት፤ ፀሐይዋን አየኋት። ጋራውን ልትነካ አንድ ስንዝር ቀርቷታል። ውሉን የጻፍሁት በገዛ እጄ ነው፤ "ፀሐይ ሳትጠልቅ" ያልሁ እኔ ነኝ። ሳልሻገር ከጠለቀች ትምህርት የለም፤ ከገባሁ ደግሞ ወንዙ አለ። እንባዬ ያን ጊዜ ብቻ መጣ።

አያ ዓለሙ እጃቸውን በአፋቸው ላይ አድርገው "ክፈቻት!" ብለው ተጣሩ።

"ምን?"

"ስለቷን! ክፈቺና ወደ ላይ ያዣት!"

ከፈትኋት። ከራሴ በላይ አነሣኋት። የመጨረሻዋ ፀሐይ ትልቁ ስለት ላይ አርፋ ወንዙን ተሻግራ ፊታቸው ላይ ብልጭ አለች። አያ ዓለሙ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"አየኋት!" አሉ። "ከነስለቷ አየኋት! ተረክቤያለሁ! ውሉ ሞልቷል! እንዳትገቢ፣ ከወዲያው እደሪ!"

እቴ ብርቄ "ዋስነቴ ወረደ!" ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። እልልታው ከወንዙ ድምፅ በልጦ መጣልኝ። እኔም ከዚህ ማዶ ብቻዬን፣ ጭቃ በጭቃ ሆኜ፣ እልል አልሁ።

በሐምሌ ስማችን በትምህርት ቤቱ ግቢ ሲነበብ የኔ ከላይ አራተኛ ነበር። አያ ዓለሙ የፈተናውን ነገር ሁሉ ሰምተው ነበርና ለአርባ ቀበሌ ሰው "ሰንጢዬ ስድስተኛን አለፈች፤ ያውም ስድስት ሰው ይዛ" እያሉ አወሩ። ጌታሁንም አልፎ ዛሬ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነው፤ ሳልፍ ካየኝ ከወንበሩ ይነሣል። ያቺን የውል ወረቀት ደግሞ አያ ዓለሙ በቆዳ አስለብጠው ከክታባቸው ጎን አንገታቸው ላይ አሰሯት። ማንበብ አይችሉም፤ ግን 'አቶ' የሚለው የት ጋ እንዳለ በጣታቸው ያውቁታል።

ይኸው ዛሬ ከዓረቡ ሱቅ ጥግ፣ እኔ አንድ ዘንግ ሸንኮራ በእጄ ይዤ፣ እሳቸው ጠፍራቸውን ታጥቀው ቆመናል። ሸንኮራው ጠጣር ነው። ደብረ ታቦር የምትማር ልጅ ደግሞ በአደባባይ በጥርሷ አትልጥም።

"አያ ዓለሙ፣ ሰንጢዎን ያውሱኝ" አልኩ።

በዙሪያችን የቆመው መንገደኛ ሁሉ ጆሮውን ሰጠ። አያ ዓለሙ ኮስተር አሉ። "ዋስ ጥሪ!"

ዙሪያዬን አየሁ። እናቴ የለችም፤ እቴ ብርቄ የለችም፤ መምሬ ፈንታም የሉም። ዓረቡ እንኳ ራዲዮኑን ዝቅ አደረገ።

"ዋሴ እኔው ራሴ ነኝ" አልኩ።

አያ ዓለሙ አዩኝ። አንገታቸው ላይ ያለችውን ወረቀት ዳሰስ አደረጉ። ከዚያ ቋጠሮውን ይፈቱ ጀመር፤ ዘንድሮ ቶሎ ተፈታ። ሰንጢዋ ከነጠፍሯ መዳፌ ላይ ስታርፍ ሙቀቷ የሰው እጅ ይመስል ነበር። "ቀጭ!" አደረግኋት።

አንድ ባለ ባርኔጣ መንገደኛ የራሱን ሸንኮራ ይዞ ጠጋ አለና "እሰይ! ስትጨርሺ ለኔም አውሺኝ" አለ።

እኔና አያ ዓለሙ እኩል ዞርንበት፤ እኩል ተናገርን፤ የሱቁ ጥግ በሳቅ እስኪናጋ፦

"አናውስም! ይልቅ ሸንኮራህን ወዲህ አምጣው፤ እንልጥልሃለን!"